መንገዱ ለብስክሌት ተሠራ፤ ጎማ ለጣፊው የት ይቀመጥ?

የድሮ ባሕር ዳር ፎቶግራፍ በፌስቡክ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት አስቀድሞ ይታወቃል። ዘንባባው ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ነጠላውን ያጣፋ አንድ ሰው በብስክሌት ያልፋል። አንዱ «ወይ ጊዜ!» ይላል። ሌላው «ያኔ ነበር ከተማ» ብሎ ይቀጥላል። ሦስተኛው ይመጣና «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፤ ይልቅ አዲሱን ድልድይ እዩ፣ አዲሱን መንገድ እዩ» እያለ ሁለቱንም ይገሥጻል። ጠቡ እስከ ምሽት ይዘልቃል፤ በማግሥቱ ሌላ ፎቶ ይለጠፋል።

እኔ ለሁለቱም ወገን መወገን አቅቶኛል። ናፋቂዎቹ ዘንባባውን ያያሉ እንጂ የሰውየው ብስክሌት ሲበላሽ ማን ይጠግነው እንደነበር አይጠይቁም። ገሣጮቹ ደግሞ ድልድዩ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ያማረ ድልድይ ነው፤ እኔም ተራምጄበት ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የጠፋ ነገር ሲነሣ እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ነገር ይተዳደር የነበረው ሰው ነው። እርሱ ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ ወይስ ከመንገድ ተገፋ? ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትዝታችን ግን አንድ ላይ ደባልቆ ያለቅስላቸዋል።

በቅድሚያ የማይናፍቀኝን ተናግሬ ልገላገል። የሕዝብ ስልክ አይናፍቀኝም። ሳንቲም ጨብጦ ወረፋ መጠበቅ፣ ከፊት ያለው ሰው ስለ ሠርግ ድግስ ከአዲስ አበባ ዘመዱ ጋር ሲዶልት በፀሐይ መንቃቃት፣ ተራ ሲደርስ መስመሩ ሲቋረጥ ማየት ምኑ ይናፈቃል? መስኮት አልባው ቪዲዮ ቤትም ይቅርብኝ። ጉርድ ፎቶ ለመነሣት ገብቶ ፏፏቴ በተሣለበት መጋረጃ ፊት አንገትን ቀና አድርጎ መደንዘዝ፣ ከዚያም «ከሳምንት በኋላ ና» መባልም እንዲሁ። ካሴት ቤቶቹን እወዳቸው ነበር፤ በራፋቸው ላይ ባወጡት ድምፅ ማጉያ መንገዱን ሁሉ ያዘፍኑት ነበር። ነገር ግን ቴፕ የበላውን ክር በእስክሪብቶ እየጠቀለልኩ ያጠፋሁትን ጊዜ ማንም አይመልስልኝም።

ደግሞም እነዚህ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከሥራቸው ጋር አብረው አልጠፉም። ፎቶ ቤቱ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሆነ። ካሴት ሻጩ መጀመሪያ ወደ ሲዲ፣ ቀጥሎ ወደ ፍላሽ፣ በመጨረሻ ወደ ሞባይል ቀፎና ቻርጀር ተሸጋገረ። በሩ ያው፣ ባንኮኒው ያው፣ ሰውየውም ያው ነው። ዘመን ዕቃውን ቀየረው እንጂ ሰውየውን አልነቀለውም። እንዲህ ያለውን ለውጥ በእንባ መሸኘት ትንሽ ቅንጦት ይመስለኛል።

የብስክሌቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። መሬቷ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ሲነድፉላት ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰጧት። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ተማሪ ተቀበለ። በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ፣ ጠዋት ማታ የሚመላለስ ተማሪና መምህር፣ ሜዳማ ከተማና ሰፊ መንገድ ሲገናኙ ብስክሌት መምጣቱ አይቀርም። መጣም። የፋብሪካው ሠራተኛ ባለቤቱን ከኋላ አፈናጥጦ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወስዳታል፤ ስትመለስ ዶሮዋ ከመሪው ላይ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ቄሱ ጥምጥማቸውን ሳያበላሹ ይነዳሉ። መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር ከኋላ አስሮ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሁለት ጥቃቅን ንግዶች ነበሩ። አንዱ ኪራይ ነው። ብስክሌት የሌለው ቤት ልጅ በእጁ የገባችውን ሳንቲም ይዞ ይሄድና በሰዓት ይከራያል። ብስክሌቱ የአዋቂ ነው፤ ልጁ ከኮርቻው ስለማይደርስ አንድ እግሩን በመሃለኛው ብረት ሥር አሾልኮ፣ ወገቡን አጣሞ ይነዳል። የከተማው ልጅ ግማሹ በዚህ ዓይነት ነው የለመደው። ሰዓት ያሳለፈ ጆሮው ይቆነጠጣል፤ ፔዳል የሰበረ አባቱ ይጠራሉ።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ከዛፍ ጥላ ወይም ከላስቲክ ዳስ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ አንድ ሳህን ውሃ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ልጣፊ፣ ሁለት ሦስት መፍቻና አንድ መንፊያ። የድርጅቱ ጠቅላላ ካፒታል ይኸው ነው። ከመነዳሪውን ነፍቶ ውሃው ውስጥ ያዞረዋል፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይይዛል፤ ያደርቃል፣ ይፍቃል፣ ይለጥፋል። ደንበኛው ሰላምታና ወሬ ሳይጨርስ ጎማው ይሞላለታል። አጠገቡ አንድ ልጅ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ከመሸንቲ ወይም ከዘንዘልማ መንገድ የመጣ፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ እንጂ ሥራ ያልነበረው። መጀመሪያ ውሃ ይቀዳል፤ ከዚያ ጎማ ይፈታል፤ ከዚያ ካቴና ያስተካክላል፤ በመጨረሻም ሌላ ዛፍ ፈልጎ የራሱን ሳህን ያስቀምጣል። ገጠር ያደገ ልጅ ያለ ዲፕሎማና ያለ ብድር ወደ ከተማ የሚገባበት በር ይህ ነበር። አሁን ስለ ሥራ ፈጠራ በየአዳራሹ ከሚሰጠው ሥልጠና ይህ ሳህን የበለጠ ሰው አላስተማረም የሚል ካለ ቢከራከረኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጅን ልሰድብ አልተነሣሁም። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት በብስክሌት አፈናጥጦ ወደ ሆስፒታል መውሰድ አይቻልም። ሐምሌ ሲዘንብም ጣራ ያለው ነገር ይመረጣል። ባጃጅ ብዙ ወጣት አብልቷል። ነገር ግን ለባለቤቱ የዕለት ገቢ ሳያስገባ የማይተኛ ሾፌር፣ ነዳጅ ሲጠፋ የሚቆም፣ ትእዛዝ ሲወጣ ደግሞ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ መጓጓዣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት ባጃጆች እንዲቆሙ በተደረገባቸው ቀናት ብስክሌቱን ያልሸጠ ሰው ምን ያህል የታደለ እንደነበር ሁላችንም አይተናል።

አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጥቶ ለብስክሌት የራሱን መስመር ሰጠው። ይህ በእውነት ደስ ይላል። ብስክሌት ከባጃጅና ከጭነት መኪና መሃል እየተሹለከለከ መሞት አይገባውም። የሚገርመኝ ግን መስመሩ ሲሠራ መስመሩን በሥራ የሚያቆየው ሰው አለመታሰቡ ነው። የላስቲኩ ዳስ የከተማን ገጽታ ከሚያበላሹ ነገሮች ተርታ ገባ። ንጹሕ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሳህን ውሃ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ጎማው የተነፈሰበት ሰው በተዋበው መስመር ላይ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ውስጥ መንደር መግባት አለበት። ጠጋኙ ቤት ተከራይቶ ይሥራ የሚሉ አሉ። በዋና መንገድ ዳር የአንዲት ክፍል ሱቅ ኪራይ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። የኪራይ ብስክሌትም በአዲስ መልክ ሊመጣ ይችላል፤ ቀለም ተቀብቶ፣ በስልክ የሚከፈት ሆኖ። ያኔም እንኳ ጎማው በሚስማር መበሳቱ አይቀርም።

ስለ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሌሎች ደጋግመው ጽፈውበታል፤ አብዛኛውም ከልክ በላይ የተቀባባ ነው። «እናቴ ለደመወዝ ያዝልኝ ብላለች» ብሎ ስኳር ይዞ የሮጠ ልጅ ሁሉ ባለሱቁን እንደ አጎት ያስታውሰዋል። እውነቱን ለመናገር ዱቤው በነጻ አልነበረም። ለዱቤ ደንበኛ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ የማን ቤት ስንት እንዳለበትም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ዛሬ ቴሌብር በ«መላ» እና በ«እንደ ኪሴ» ያለ ሐሜት ያበድራል፤ ይህም አንድ ነገር ነው። ለእኔ የሱቁ ትልቅ ጥቅም መቸርቸሩ ነበር። ዘይት በብርጭቆ፣ ስኳር በወረቀት ጥቅልል፣ በርበሬ በስኒ፣ ሳሙና ለሁለት ተከፍሎ ይሸጥ ነበር። የዕለት ገቢ ያለው ሰው የዕለት ፍጆታውን ይገዛል። ሱፐርማርኬቱ አምስት ሊትሩን ከነጀሪካኑ ያቀርብለታል፤ በጅምላ ሲገዛ ይረክሳልም ይለዋል። ይረክሳል፤ ገንዘቡ ላለው። እነዚህ ሱቆች ገና አልጠፉም፤ መንገድ ሲሰፋና አጥር ሲነሣ ግን በየተራ ወደ ኋላ እየተገፉ ነው።

ወደ ሐይቁ ልውረድ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ታንኳ በባሕር ዳር ያልተሣለበት ነገር የለም። በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ፣ በጀልባ ማኅበር ቲኬት ላይ፣ በሠርግ ካርድ ላይ፣ በባህል ልብስ ጥልፍ ላይ ሳይቀር አለ። በክንድ ልክ የተሠራች ትንሽ ታንኳ ደግሞ ለእንግዳ የምትሰጥ ስጦታ ናት። ትክክለኛዋ ታንኳ ግን ከዘጌ ማገዶ፣ ጌሾና ቡና ጭና በማለዳ የከተማው ዳርቻ ላይ የምትሰለፈው ነበረች። ደንገል በሚባለው የሐይቅ ዳር ረጅም ሣር እሥር የተሠራች ናት፤ ውስጧ ጭነቱንና ሰውን ከውሃ የሚያርቅ ሌላ የደንገል ንጣፍ አለው። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ከሐይቅ ወጥታ ዳር ላይ ቆማ መድረቅ አለባት። ይህች ዳር ላይ የምትደርቅበት ቦታ ጉዳይ ኋላ ላይ ትመጣለች።

የጣና ደንገል ስሙ ከአገር ወጥቶ ያውቃል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተጫነ ደንገል ነው። ጊዜው 1961 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ፈረሰች፤ በዓመቱ የተነሣችው ሁለተኛዋ «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ ባርቤዶስ ደረሰች። እርሷም ብትሆን ከጣና ደንገል የተሠራች ናት። በውቅያኖስ ላይ የተንሳፈፈው ሣር ዛሬ በገዛ ሐይቁ ዳር ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ሆኗል።

ለምን? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃውን መቆጣጠር ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ተለቆ የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ ሲወርድ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ሰፊ የደንገል ማሳም ደርቆ ቀረ። ሐይቁ በሸሸበት ጭቃ ላይ ገበሬው ዘራ፤ ከብትም ገባ። ማንም አይፈርድበትም፤ መሬት ጠቦታል። ሆቴልና መዝናኛ ዳርቻውን ሲይዙ ደግሞ ደንገል ተመንጥሮ አጥርና ሣር ተተካ፤ እንግዳ ሐይቁን በግልጽ ማየት አለበትና። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እንቦጭ የተባለው መጤ አረም ተጨመረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ደንገሉ ግን በወረቀት አይበቅልም።

አሁን የትዝታ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ነገር ይመጣል። ያቺን የሚናፍቋትን ታንኳ ይሠራ የነበረው ማን ነው? ነገደ ወይጦ ነው። ታንኳ ሠሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢው፣ የደንገል ዕቃ ሠሪው እርሱ ነበር። ይህ ማኅበረሰብ «ጉማሬ ይበላል» እየተባለ ማዕድ ተለይቶበት፣ ከደጅ እንዲቆም ተደርጎ የኖረ ነው። ዕቃውን ገዝተን እጁን ተጸየፍነው። «ደጉ ዘመን» ስንል የማን ደግ ዘመን እንደነበር ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው። ንቀቱ ላላ ስንል ደግሞ ሐይቁ ዳር የነበረው ሰፈሩ ለሌላ ግንባታ ተፈለገና ከውሃው እየራቀ ሄደ። ታንኳ ደግሞ ከውሃ ርቆ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ደንገሉም ማድረቂያውም መነሻውም ዳር ላይ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ከሩቅ በሚገኝ ደንገል ያችን የክንድ ልክ ታንኳና ሰፌድ ለቱሪስት ይሠራሉ። ቱሪስቱ ከግጭቱ ጋር ሲቀር እርሷም ገበያ አጣች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ትንሽ ነገር ልጨምር። በከተማችን ቡና የሚፈላበት ቦታ ሁሉ አሁን የሚጎዘጎዘው የፕላስቲክ ቄጠማ ነው። ጣና አጠገብ ተቀምጠን፣ ከባሕር ማዶ በመጣ አረንጓዴ ላስቲክ ላይ ሲኒ ደርድረን፣ ስለ ባህላችን እናወራለን። አለመጥረጉ ምቹ ነው ይሉኛል። ይሁን። ግን ቄጠማ አጭዳ በሸክም እያመጣች ለቡና ቤቶቹ ታከፋፍል የነበረችው ሴትም ደንበኛ አልነበራትምን?

የእሁዷን መርከብም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እሁድ ጠዋት ከባሕር ዳር ትነሣ ነበር፤ በየወደቡ እየቆመች ቁንዝላ ታድርና ሰኞ ጎርጎራ ትደርስ ነበር። ቀርፋፋ ነበረች፤ ነገር ግን የደቅ ደሴት ሰው እህሉንና በጉን ጭኖ ገበያ የሚወጣባት፣ ታማሚ የሚሳፈርባት፣ መነኩሴና ነጋዴ ጎን ለጎን ስንቅ የሚፈቱባት ነበረች። ለቱሪስት የቆመው ፈጣን ጀልባ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ለመሥራትም አልተገዛም። ስለዚህ አዲሷ መርከብ «ጣናነሽ ሁለት» ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና በየከተማው ሕዝብ በእልልታ ሲቀበላት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ደስታዬ የሚጸናው ግን የደቅ ገበሬ በጉን ይዞ መሳፈር የሚችልበት ዋጋና ቀን ሲወጣላት ነው። የጉብኝት መርከብ ብቻ ከሆነች ለእርሱ ከዳር ሆኖ የሚያያት አንድ ተጨማሪ ነገር ናት።

የምጠይቀው የድሮዋን ከተማ መልሱልኝ አይደለም። ለሐይቁ ልጀምር፦ በባዮስፌሩ ክልል ውስጥ የተወሰነ ዳርቻ ለነገደ ወይጦ ማኅበራት ደንገል እንዲተክሉበትና እንዲያጭዱበት በሕግ ቢሰጥ ሐይቁም ይጠቀማል፤ ደንገል ደለል ያጣራል፣ ዓሣ ያስጠልላል፣ ሥሩ ካልተነካም ቶሎ ያቆጠቁጣል። ከከተማው ዳርቻ አንድ ቦታ፣ ሆቴል ያልያዘው፣ ታንኳ የሚቆምበትና የሚደርቅበት ሆኖ ይከለል። ታንኳን በምግብ ዝርዝራቸው ላይ የሣሉ ሆቴሎች ሰፌዱንና ምንጣፉን ከሠሪዎቹ በቋሚነት ቢገዙ ደግሞ ለሥዕሉ የሚገባውን ከፈሉ ማለት ነው። ለሱቆቹ ከመንገድ ሲነሡ ምትክ ቦታው ደንበኛቸው በእግሩ የሚደርስበት ይሁን።

ለጎማ ለጣፊው የምጠይቀው ከሁሉም ይቀላል። የብስክሌት መስመሩ ገና እየተሠራ ያለበት ቦታ አለ፤ በየተወሰነ ርቀት ጥላ፣ የውሃ መስመርና አንድ ሰው ከነመፍቻ ሳጥኑ የሚቀመጥበት ማዕዘን በንድፉ ይግባ፤ ቦታውም በዓመታዊ አነስተኛ ክፍያ ቀድሞ እዚያው መንገድ ላይ ይሠሩ ለነበሩት ይሰጥ። የአንድ ጎማ ለጣፊ መቀመጫ ከአንድ የአበባ መደብ የበለጠ ቦታ አይፈጅም።